ነጩ ፈረስና ቀበቶው፦ ስለ ዴ ሲካ «ሹሻ» እናውራ

የማታ_ተመልካች
አርብ፣ ከምሽቱ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። «ሹሻ»ን ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። አሁንም እንቅልፍ ነሳኝ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1946 የሠራው የጣሊያን ፊልም ነው። ከድርሰቱ ጸሐፊዎች አንዱ ቼዛሬ ዛቫቲኒ ነው። መጨረሻውን ስለማነሳ ያላየ ሰው አይቶት ይመለስ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፓስኳሌና ጁሴፔ ሮም ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮችን ጫማ የሚጠርጉ ልጆች ናቸው። ጦርነቱ ከተማዋን አራቁቷታል። ፓስኳሌ አባትም እናትም የለውም፤ የሚያድረው ሊፍት ውስጥ ነው። ጁሴፔ ቤተሰብ አለው፣ ግን ኑሯቸው ኑሮ አይባልም። የሁለቱም ሕልም አንድ ነው፤ ቤርሳሊዬሬ የሚባለውን ነጭ ፈረስ የራሳቸው ማድረግ። የጎደላቸውን ብር ለመሙላት የአሜሪካ ብርድ ልብስ ለአንዲት ካርታ ገላጭ ሴትዮ ሊሸጡ ይሄዳሉ። ሥራውን ያገኘላቸው የጁሴፔ ታላቅ ወንድም ነው። ለካ ትልልቆቹ ሌላ ነገር አስበዋል። ፖሊስ መስለው ገብተው ሴትዮዋን ይዘርፏታል። ልጆቹ ድርሻቸውን ይዘው ፈረሱን ይገዛሉ። በእሱ ላይ ተፈናጠው ጓደኞቻቸው መሀል ያልፋሉ። ብዙም ሳይቆይ ተይዘው ወደ ልጆች እስር ቤት ይወረወራሉ።

ሰው ሁሉ ስለዚህ ፊልም ሲያወራ ፈረሱን ያነሳል። ፈረሱ የነጻነት ተምሳሌት ነው ይባላል። ልክ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ቀበቶው ነው።

አስታውሱት እስቲ። ልጆቹ የትልልቆቹን ስም አንናገርም ብለው ድርቅ አሉ። ያኔ ኃላፊዎቹ ዘዴ ዘየዱ። ጁሴፔን ወደ አንድ ክፍል አስገቡት። ፓስኳሌ ውጭ ቆሞ ይሰማል። ቀበቶ ሲያርፍ ይሰማል። ልጅ ሲጮህ ይሰማል። ለእኛ ግን ካሜራው በሩን ይከፍትልናል። ቀበቶው የሚያርፈው ጆንያ ላይ ነው! የሚጮኸውም ሌላ ልጅ ነው፤ ጩህ ስለተባለ ነው የሚጮኸው። ፓስኳሌ አልቻለም። ሁሉንም ተናገረ።

ለራሱ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል አይወጣውም ነበር። የጓደኛውን ጩኸት መስማት ግን አልቻለም። እዚህ ጋ ነው ሆዴ የሚባባው። ትልልቆቹ የልጁን ክፋት ፈልገው አጡ። ስለዚህ በደግነቱ በኩል ገቡ። የጠላው ሰው ቢሆን ኖሮ ዘዴው አይሠራም ነበር።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ድልድዩ ላይ ፓስኳሌ ቀበቶውን ከወገቡ ይፈታል። አሁን የሚመታው ጆንያ አይደለም፤ ጁሴፔን ነው። ጁሴፔ ከድልድዩ ወድቆ ይሞታል። ትልልቆቹ በውሸት የጀመሩትን ልጁ በእውነት ጨረሰው።

እናንተስ ምን አያችሁ?


የካዛንቺስ_ልጅ
አርብ፣ ከምሽቱ 4:52

እህቴ፣ የጆንያውን ነገር እንዲህ አገናኝቼው አላውቅም ነበር። አሁን ሳነበው ጸጉሬ ቆመ። እኔ ሁሌም የማለቅሰው በትንሿ ልጅ ነው። ጁሴፔን የምትወደዋ፣ ናናሬላ። ልጆቹን የጫነው መኪና ሲሄድ ተከትላ ትሮጣለች። ፍርድ ቤትም ድረስ ትመጣለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ዕድሜዋ ትንሽ ነው፣ ታማኝነቷ ግን ከጠበቃውም ከወንድሙም ይበልጣል።


ሣጥን_ተሸካሚ
አርብ፣ ከምሽቱ 5:40

ይህን ርዕስ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ሊስትሮ ነበርኩ። ፒያሳ፣ አራት ዓመት። አሁን ሌላ ሥራ አለኝ፣ ልጆችም አሉኝ።

የሊስትሮ ልጅ የሚያየው ጫማ ነው። የሰውን ፊት የሚያየው ሒሳብ ሲቀበል ብቻ ነው። አንዱን እግር ስትጨርስ በብሩሹ ሣጥኑን ኳ ታደርጋለህ፤ ሰውዬው ያለ ንግግር ሌላውን እግር ያወጣል። ቀኑን ሙሉ ሰው ካንተ ጋር የሚነጋገረው በዚያ ኳታ ነው። ለዚህ ነው ልጆቹ ፈረሱ ላይ ሲወጡ ልቤ ዘሎ የወጣው። ሲሠሩ የሚውሉት መሬት ላይ ተንበርክከው ነው። ፈረስ ላይ ሲሆኑ ግን ከወታደሩም ከባለመኪናውም ከፍ ብለው ያያሉ። ለእኔ ፈረሱ መጀመሪያ ቁመት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ነጻነት የሚሆነው።

ስለ ራሴ ልናገር። እኔና ጓደኛዬ ጆተኒ ልንገዛ እናጠራቅም ነበር። አሮጌ ጆተኒ፣ ዘንጎቹ የተጣመሙ። ሰፈር አቁመን ልናስጫውት፣ ማታ ማታ ደግሞ እኛ ራሳችን እስክንጠግብ ልንጫወት። ብሩን የሚያስቀምጥልን አንድ ትልቅ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ልጁም ብሩም ጠፋ። ጓደኛዬ ከልጁ ጋር ተመሳጥረህ ነው አለኝ። ማልኩ፣ አለቀስኩ፣ አላመነኝም። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። 19 ዓመት ሆነው።

ልብ በሉ፣ እኛ የጠላነው የወሰደብንን ልጅ አልነበረም። እርስ በርሳችን ነበር የተጠላላነው። ጁሴፔም እንደዚያው ነው። ቀበቶውን ይዞ ያታለላቸውን ሰውዬ ረስቶ ፓስኳሌን ጠላ። ከክፍሉ ልጆች ጋር ሆኖ ተበቀለው፤ ፓስኳሌ ክፍል ውስጥ ሞረድ ደብቀው አስቀጡት። የማታ ተመልካች «በደግነቱ በኩል ገቡ» ያልሽው እዚህ ድረስ ነው የሚሄደው።


የአርበኛ_የልጅ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1:15

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ማልቀስ አልቻልኩም። ፊልሙን ከፍቼ የፈረሱን ስም ስሰማ ዘጋሁት። ቤርሳሊዬሬ! ባርኔጣቸው ላይ ጥቁር ላባ የሚሰኩት ወታደሮች ስም ነው። ዐድዋ መጥተዋል፤ ከ40 ዓመት በኋላም ተመልሰው መጥተዋል። አያቴ በየካቲት 12 ሁለት ወንድሞች አጥቷል። ከዚያ 9 ዓመት ቆይቶ ጣሊያን የራሱን ልጆች እያሳየ «እዘኑልኝ» ሲለኝ ከንፈር እንድመጥ ነው የምትፈልጉት? የእኛን ወላጅ አልባ ልጆች ማን ቀረጻቸው?


ጡረተኛው_መምህር
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:30

ልጄ፣ ጥያቄህ ከአንጀት የመጣ ነው፤ ቀለል አድርጌ አላየውም። የመጨረሻው ጥያቄህ በተለይ መልስ የለኝም። የእኛዎቹን ማንም አልቀረጻቸውም። ይህ ይቆጨኛል።

ስለ ስሙ ግን አንድ ነገር ልበል። ቤርሳሊዬሪዎች በሰልፍ ላይ በሩጫ በማለፍ የታወቁ ወታደሮች ናቸው። ልጅ ደግሞ ላባና ሩጫ ያያል። የዚያ ዘመን የጣሊያን ልጅ ስለ ጀግንነት የሚያውቀው ሥርዓቱ ያስተማረውን ነው። ሌላ ስም ማን ሰጠው? ስለዚህ ስሙን ስሰማ እኔም እንዳንተ ደንገጥ አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ዴ ሲካ እዚያ ጋ ያስቀመጠው ነገር ታየኝ። ሕልማቸው ራሱ የተሰጣቸው ትልልቆቹ ካቃጠሉት ቤት ነው። ይህ የእኔ አተያይ ነው፤ እሱ እንዲህ አስቦ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፓስኳሌን የተጫወተው ፍራንኮ ኢንተርለንጊ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1931 የተወለደ ነው። የፋሽስት ጦር በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ሲገባ ልጁ 4 ዓመቱ ነበር። ጁሴፔን የተጫወተው ሪናልዶ ስሞርዶኒም ልጅ ነው። ሁለቱም ከዚያ በፊት ተዋናይ አልነበሩም።

ደግሞም ፊልሙ ጣሊያንን «እዘኑላት» አይልም። ፊልሙ ውስጥ ንጹሕ የሆነ ትልቅ ሰው ለማግኘት ፋኖስ ይዘህ ብትፈልግ ይቸግርሃል። ታላቅ ወንድሙ ልጁን መሣሪያ አደረገው። የጁሴፔ ጠበቃ ደንበኛውን ሊያድን ጥፋቱን ሁሉ በፓስኳሌ ላይ ጫነው። ዳኞቹ ቸኩለው ፈረዱ። ጣሊያኖች ፊልሙ ሲወጣ ሊያዩት አልፈለጉም፤ ገበያ ላይ ወደቀ። ትልቁን ሽልማት የሰጠው ሌላ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስካር ልዩ ሽልማት ሰጠው። ያኔ ለውጭ ቋንቋ ፊልም የተለየ ምድብ ገና አልነበረም።

ሣጥን ተሸካሚ፣ ላንተ ደግሞ ስለ ቃሉ ልንገርህ። «ሹሻ» ማለት «ሹሻይን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጣሊያን ልጆች አፍ ሲጠራ ነው። ወታደሮቹን ለመጥራት የፈጠሩት ነው። እኛ «ሊስትሮ» የምንለው ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ሉስትሮ» ማብረቅረቅ፣ መንጸባረቅ ማለት ነው። የሮም ልጅ በገባበት ሠራዊት ቋንቋ ተጠራ፤ የአዲስ አበባም ልጅ እንዲሁ።


ሣጥን_ተሸካሚ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:48

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አራት ዓመት ሙሉ «ሊስትሮ!» እየተባልኩ ስጠራ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።


ካሜራ_ክፍል
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:05

እኔ ቪዲዮ አርትዖት ላይ ነው የምሠራው። ስለዚህ ስለ ምስሉ ትንሽ ልጨምር።

ፊልሙ የሚጀምረው ሜዳ ላይ ነው፤ ፈረስ ሲጋልቡ። ሰፊ ሰማይ አለ። እስር ቤት ከገቡ በኋላ ሰማዩ ይጠፋል። ልጆቹን የምናያቸው በብረት ዘንግ በኩል፣ በበር ቀዳዳ በኩል ነው። የክፍሎቹ በሮች ተደርድረው ሲታዩ ሰው የሚኖርበት አይመስልም፤ የዕቃ መደርደሪያ ይመስላል። ሁለቱን ልጆች ለያይተው የተለያየ ክፍል ያስገቧቸዋል። ጓደኝነታቸው ማለቅ የጀመረው ያን ቀን ይመስለኛል። ከፈረሱም ከቀበቶውም በፊት ግድግዳው አለ። የማታ ተመልካች፣ ይህን ብታስቢበት ደስ ይለኛል።

መጨረሻው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የድልድዩ ትዕይንት የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ያስታውቃል። ዛፉም ድንጋዩም የተሠራ ነው። ፊልሙን ሙሉ መንገድ ላይ ስንከራተት ቆይተን ድንገት መድረክ ላይ የወጣን ያህል ተሰማኝ። ለእኔ እዚያ ጋ ትንሽ ቀዘቀዘብኝ።

እኔን የሚገለኝ ቦታ ሌላ ነው። የሳንባ በሽተኛው ትንሽ ልጅ፣ ራፋኤሌ። ለእስረኞቹ ልጆች ፊልም ይታያል። ስክሪኑ ላይ ባሕር ይመጣል። ራፋኤሌ ባሕሩን ሊያይ ወደ ፊት ይጠጋል። ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እዩት፤ ያ ልጅ እዚያች ደቂቃ እስረኛ አይደለም። ወዲያው ማሽኑ እሳት ያነሳል። ሁሉም ይሯሯጣል። ራፋኤሌ ተረጋግጦ ይሞታል። የረገጡት ክፉዎች አይደሉም። ልክ እንደሱ የፈሩ ልጆች ናቸው።

ፊልም ሠሪ ሆኖ እንዲህ ያለ ትዕይንት መሥራት ድፍረት ይጠይቃል። ልጁን ያስደሰተውም ፊልም ነው። እሳቱም የመጣው ከዚያው ፊልም ነው።


የማታ_ተመልካች
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:20

ካሜራ ክፍል፣ ስለ ግድግዳው እጄን ሰጥቻለሁ። የተለያየ ክፍል ሲገቡ የሁለቱን ፊት አሁን ተመልሼ አየሁት። ገና ምንም አልተፈጠረም። ግን የሚደርስባቸውን ያወቁ ይመስላሉ።

ስለ ድልድዩ ግን አልስማማም። የተሠራ መሆኑ ይታያል፣ አዎ። ለእኔ ግን ያ ነገሩን ቅዠት አስመሰለው። ፓስኳሌ በዚያች ሰዓት ሮም ውስጥ አይደለም። ነቅቶም የሚያምነው ነገር አይደለም። ደግሞ እንዴት እንደደረሰ አስቡ። ፖሊሶቹን ወደ ፈረሱ መርቶ ያመጣቸው እሱ ራሱ ነው። ጁሴፔ ከእስር ቤት አምልጦ፣ ከሌላ ልጅ ጋር ሆኖ፣ የሁለታቸውን ፈረስ ወስዷል። ለፓስኳሌ ከዚህ የባሰ ክህደት የለም። ፈረሱ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል!

ከእናንተ ከተማርኩት ተነስቼ አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ ሲጀምር ልጆቹ ንጹሕ አልነበሩም የሚል ሰው ገጥሞኝ ያውቃል። የጥቁር ገበያ ብርድ ልብስ ሸጠዋል፣ ውሸት ተናግረዋል ይላል። እኔ ንጽሕና ማለት ጥፋት አለመሥራት አይመስለኝም። ፓስኳሌና ጁሴፔ ንጹሐን የሆኑት አንዱ ለሌላው ስለሚኖር ነው። የሁለት ልጆች ገንዘብ አንድ ላይ ሲሆን የማን ስንት እንደሆነ አይቆጠርም። እስር ቤቱ ያጠፋው ይህንን ነው። እየቆጠሩ መኖር አስተማራቸው።


ሮም_ያለሁ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:30

ከሮም ሰላም ብያለሁ። እዚህ አገር ሰው ቤት አረጋዊ በመጠበቅ ሥራ ነው የምኖረው። ዛሬ የሥራ ዕረፍቴ ስለሆነ ይህን ክር አንብቤ ቪላ ቦርጌዜ ሄድኩ። ትልቅ መናፈሻ ነው፤ ውስጡ ጋሎፓቶዮ የሚባል የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ አለው። ዴ ሲካ ታሪኩን ያገኘው ከእውነተኛ ልጆች ነው። ከቪያ ቬኔቶ አካባቢ ጫማ የሚጠርጉ ሁለት ልጆችን ይከታተል ነበር። ልጆቹ ያገኟትን ሳንቲም ይዘው እዚህ መናፈሻ መጥተው ፈረስ ተከራይተው ይጋልቡ ነበር። ስለ እነሱ እ.ኤ.አ. በ1945 መጽሔት ላይ ጽፏል።

ከመናፈሻው እስከ ቪያ ቬኔቶ በእግሬ ሄድኩ። ቅርብ ነው። ትላልቅ ሆቴሎች የተደረደሩበት መንገድ ነው፤ አንድም ጫማ ጠራጊ አላየሁም። እኔ ግን መንገዱን ስጨርስ ወደ መሬት እያየሁ ነበር።

የምጠብቃቸው እናት 91 ዓመታቸው ነው። ስመለስ «ሹሻ»ን ያስታውሳሉ ወይ አልኳቸው። «ፊልሙን ነው ልጆቹን?» አሉኝ።


የአርበኛ_የልጅ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

የጋሽ መምህርን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን ከዘጋሁበት ቀጠልኩ። ጨረስኩት።

የጠዋቱን ቃሌን አላነሳም። የአያቴን ወንድሞች ማንም አልቀረጻቸውም። ያ ቁጭት እንዳለ ነው። ግን ራፋኤሌ ወደ ባሕሩ ሲጠጋ ለማን አገር ልጅ እንደማዝን ረስቼ ነበር። ይህን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ቀበቶው ጆንያ ላይ እንዳረፈ ፓስኳሌ አወቀ ወይ? እኔ ፈረሱን ትቼ እሱን ስፈልግ ነው ያመሸሁት። እኛ እናውቃለን፤ ካሜራው አሳይቶናል። ጁሴፔ የሚያውቀው ጓደኛው መናገሩን ብቻ ነው። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ቁጭ ብሎ ቢነግረው ኖሮ እዚያ ድልድይ አይደርሱም ነበር።


ጡረተኛው_መምህር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:05

አየህ ልጄ፣ ይህን ጥያቄ እኔ በስንት ዓመቴ አላሰብኩትም። ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት ቦታ ነው የተነፈጋቸው። የካሜራ ክፍል ግድግዳ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ተገናኝተው እንኳ ብቻቸውን አይደሉም፤ ሁሌም የሚሰማ ጆሮ፣ የሚያቀጣጥል ሌላ ልጅ፣ የሚቆጣ ጠባቂ አለ።

አያትህን በተመለከተ፣ የምታውቀውን ሁሉ ጻፈው። እዚሁ መድረክ ላይ ብትጽፈው መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ።


የካዛንቺስ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30

መጨረሻ ላይ ፈረሱ እየራቀ ሲሄድ ምን ተሰማችሁ? ፓስኳሌ ጓደኛው ላይ ተደፍቶ ይጮሃል፤ ፈረሱ ደግሞ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ ተናድጄበት ነበር። ምን ዓይነት ፈረስ ነው አልኩ። ፈረስ መሆኑን ረስቼ።


የማታ_ተመልካች
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:44

እኔም ተናድጄበት አውቃለሁ። በኋላ ግን አዘንኩለት። የሁለት ልጆች ፈረስ ነበር። አሁን የማንም አይደለም።


ሣጥን_ተሸካሚ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:25

የአርበኛ የልጅ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ሰላም ነሳኝ። እራት ላይ ባለቤቴ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። የጆተኒውን ነገር እስከ ዛሬ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም።

የጓደኛዬ የድሮ ስልክ አይሠራም። እህቱን አገኘኋት፤ አዲሱን ቁጥር ሰጠችኝ። አዳማ ነው ያለው፣ ጋራዥ ከፍቷል አለችኝ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውልለታለሁ። ስለ ብሩ አላነሳበትም። ጆተኒውን ታስታውሰዋለህ ወይ እለዋለሁ፤ ዘንጎቹ የተጣመሙትን፣ በረኛው ጭንቅላት ያልነበረውን።